ስንጥቅ ላይ የተለጠፈ ጄሶ

እሑድ፣ መጋቢት 3

ዝናብና ብርድ። በቤቱ የነበሩ፦ ጊላድ፣ መሐንዲሱ ሃጋይ፣ ከላይ ኔታ፣ እኔ።

ጽሑፍ እንዲህ መጀመርን የተማርሁት ከኔታ የወረቀት ቅርጫት ነው። ኔታ የቤት ንድፍ ትሠራለች፤ ቢሮዋ ላይኛው ፎቅ ነው። አንድ ሥራ ለማየት በሄደች ቁጥር ቀኑን፣ አየሩን፣ ማን ማን እንደ ነበረ ታሰፍርና ሲበቃት ትጥለዋለች። እኔ ስጠርግ አነሣዋለሁ። ዕብራይስጥ ማንበብ የለመድሁት በተጣለ ወረቀት ነው፤ ይህንም የምጽፈው በንድፎቿ ጀርባ ነው። አማርኛ ስለሆነ የሚያነበው የለም።

ቤቱን መጥረግ ከጀመርሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ከኢትዮጵያ ጎዳና በምትታጠፍ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ከኋላው ሰገነት የኪዳነ ምሕረት ጉልላት ይታያል። ድሮ የአንድ ቤተ ሰብ ቤት ነበር፤ ታች ከብትና ዘይት፣ ላይ ሰው። አሁን ታች አራት ሱቅ፣ ላይ አምስት ቢሮ ነው። ግድግዳው በእኔ ክንድ አንድ ተኩል ይወፍራል። የላይኛውን አዳራሽ በቀጭን ሰሌዳ ስለ ከፋፈሉት፣ ወለሉ ላይ ካለው ትልቅ ቀይና ሰማያዊ አበባ ግማሹ ጠበቃው ዘንድ፣ ግማሹ ኔታ ዘንድ ቀርቷል። አበባውን ሙሉውን የማውቀው የምወለውለው እኔ ብቻ ነኝ። የታችኛው ጣሪያ ግን እንጨትም ብረትም የለበትም። ድንጋዩ ከአራት ማዕዘን ተነሥቶ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ፣ መካከል ላይ ይገናኛል።

ዛሬ ጊላድና ሃጋይ አራተኛው ክፍል ገቡ። ተከራይቶት የነበረው የሥዕል ክፈፍ ሠሪ ከለቀቀው ወዲህ ባዶ ነው። ጊላድ በባለቤቶቹ ፈንታ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ አንድ ሰፊ ሱቅ ሊያደርገው ይፈልጋል። ማዘጋጃ ቤቱ የሚፈቅድለት ሃጋይ ከፈረመ ብቻ ነው። ሃጋይ ጣሪያውን በተሸከመው ቅስት ላይ ያለውን ስንጥቅ በጣቱ እየተከተለ አራት ቦታ ላይ ጄሶ ለጠፈበት፤ እያንዳንዱ መዳፍ ያህላል። በእርሳስ ቀኑን ጻፈበት። መብራት ያዝሁለት። ከአይሁድ ፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ለሻቩዖት በዓል ደግሞ አንድ ጊዜ አይቼ እጽፋለሁ አለ።

ስንጥቁን መድፈኑ መሰለኝ። አባቴ ጎንደር ሳለን ግንበኛ ነበር። ይህን ሥራ ቢያይ ምን እንደሚል አሰብሁና በልቤ ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ብርድ፣ ዝናብ የለም። ጊላድ፣ እኔ።

ስለ እናና ለመንሁት። የእኅቴ ልጅ ናት። ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር በአንዲት ክፍል ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ደንበኞቿ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚለኩት። ሰፊውን ሱቅ ለእሷ ስጣት አልሁት። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ እናያለን አለ። እናያለን ማለት እዚህ አገር አይሆንም ማለት ነው።

ለእናና አልነገርኋትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ። ብቻዬን።

ለፋሲካ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳሁ። ጊላድ ቢሮዎቹን ብቻ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ማቆም አልችልም። እናቴ ፋሲካ ሲደርስ የሸክላ ዕቃውን ሁሉ እየያዘች በጣቷ ታንኳኳው ነበር። ድምፁ የተሰነጠቀ ከሆነ ውጭ አውጥታ ትሰብረዋለች፤ አዲስ ትሠራለች። የተሰነጠቀ ነገር ፋሲካን አይሻገርም ትል ነበር። እኔም ቂርያት ሃዮቨል ባለው ቤቴ አንድ የነቃ ሲኒ አላሳድርም።

አራተኛው ክፍል ስገባ ከአራቱ የጄሶ ልጥፎች ሁለቱ መካከላቸው ተሰንጥቋል። አንደኛው ጥፍሬን ያስገባል። ጠፍጣፋ መፋቂያ አምጥቼ ሁለቱንም ፋቅኋቸው፤ ግድግዳውን አጠብሁት። ጥሩ አድርጎ ለቀቀ። ሁለቱ ደኅነኞች እንዳሉ ናቸው።

እጄ ቆስሏል። ደክሞኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 24

ፀሐይ። ጊላድ፣ እኔ።

ጊላድን አራተኛው ክፍል ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ልጥፎቹ የት ሄዱ አለኝ። ተሰንጥቀው ስለ ነበር ለበዓል አነሣኋቸው አልሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አየኝ፤ ግድግዳውን አየ፤ ሳቀ። የአንቺን ያህል ንጽሕና የሚወድ ሰው አላየሁም አለ።

ከዚያ ጄሶ ማቡካት ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። የግንበኛ ልጅ ነኝ አልሁት። በመወልወያው ባልዲ አቦካሁ፤ የዱሮዎቹ በነበሩበት ላይ ለጠፍሁ። እንደ እውነቱ ከሃጋይ ሥራ ያምራል። ሲጠነክር ጊላድ እርሳስ አወጣና ቀን ጻፈበት። ሃጋይ የጻፈውን፣ የመጀመሪያውን ቀን። ዛሬ ሌላ ቀን ነው አልሁት። ያው ነው፣ እንዳይምታታበት ነው አለኝ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ጠራኝ። ለእኅትሽ ልጅ ንገሪያት፣ ሱቁ የእሷ ነው አለ።

ጊላድ መልካም ሰው ነው።

ለእናና በስልክ ነገርኋት። ስትስቅ እናቷን መሰለችኝ። እኅቴ እዚያው ጎንደር ናት የተቀበረችው። እኔና አባቴ በሱዳን በኩል ስንወጣ እሷ ባሏን ትታ አልመጣም አለች፤ ኋላ መምጣት ስትፈልግ ደግሞ ወረቀቷ ተመላለሰ፤ ስትጠብቅ ሞተች። እናና ብቻዋን መጣች። ስንወጣ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ምን ላደርግ እችል ነበር?

እሑድ፣ ሚያዝያ 8

ጠራራ። ብቻዬን። የሐበሾቹ ክርስቲያኖች ፋሲካ ነው፤ የእኛ አልፏል፤ መንገዱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ሞልቷል፤ ደወሉ እስከ ታችኛው ክፍል ይሰማል።

ኔታ ቢሮ ያለውን ቅርጫት ስገለብጥ ከሃጋይ የመጣ ወረቀት አገኘሁ። በቤቱ ሥራ ላይ ታማክራለችና ለእሷም ልኮላታል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ያልገባኝን ቃል በስልክ ፈልጌ አነበብሁት።

ልጥፉ መድፈኛ አይደለም። ሆን ተብሎ በቀላሉ እንዲሰበር የተለጠፈ ነው። ግንቡ ባለበት ከቆመ ልጥፉ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፤ ግንቡ ከተንቀሳቀሰ ልጥፉ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ግድግዳው አይነካም፣ ክፍሉም ሰው አይግባበት ይላል። ሁለት ቦታ አስምሮበታል።

ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ጊላድ ያውቅ ነበር ወይ? ላያውቅ ይችላል። እሱ መሐንዲስ አይደለም። ቀኑን የጻፈው እንዳይምታታ ብሎ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12

ነፋስ። ሃጋይ፣ ጊላድ፣ እኔ።

ሃጋይ መጣ፤ መብራት ያዝሁለት። አራቱንም አየ። እንደዚህ ያለ ክረምት አልፎ ምንም አለመነካቱ ይገርማል አለ። ጊላድ ድሮ ቤት ሲሠሩ ያውቁ ነበር አለው። ሃጋይ ወደኔ ዞሮ መብራቱን ከፍ አድርጊው አለኝ፤ ከፍ አደረግሁለት።

አሁን መናገር ነበረብኝ። አሁን።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15

ሙቀት። ቤት ውስጥ፤ አባየና እኔ።

ትናንት ሰንበት ሲወጣ የስንጥቁን ፎቶ ለአባቴ ለአባየ አሳየሁት። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ፈጠነ ነው፤ እሱ ራሱ ግን በስሙ ይቀልዳል፤ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል ይላል። ስልኩን አስጠግቶ አራርቆ አየው። ሰፋ አድርጊው አለኝ፤ በጣቶቼ ሰፋ አደረግሁለት። ድንጋይ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ቂርያት ሃዮቨል ከገባን ጀምሮ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ጠርሙስ ፋብሪካ ሲልኩት ሦስት ቀን ሠርቶ ተመለሰ፤ ከድንጋይ ጋር እንጂ ከሚያልፍ ጠርሙስ ጋር መነጋገር አልችልም ብሎ።

ስንጥቁ ከታች ነው ከላይ የሚሰፋው አለኝ። ከታች አልሁት። ከቅስቱ እግር ሥር ማን ምን ነክቷል አለኝ። ክፈፍ ሠሪው ለመደርደሪያ ብሎ የቅስቱን እግር በግማሽ ጠርቦት እንደ ነበር ትዝ አለኝና ነገርሁት። አቧራውን እኔ ነበርሁ ያወጣሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ አውጥቻለሁ።

አባየ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እግሩን ቆርጠውታል» አለ። «እግሩ የተቆረጠ ሰው አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ቅስቱም እንዲሁ ነው፤ አሁን የያዘው ያን የጎን ግድግዳ ነው።»

«ግድግዳውን ቢያነሡትስ፣ አባየ?»

«ይወድቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። የዚያኑ ቀን ላይሆን ይችላል። ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ድንጋይ ታጋሽ ነው። ግን ቀድሞ አይጮኽም።» ከዚያ፣ «ማን ነው የሚገባበት?» አለኝ።

«ሱቅ ነው» አልሁት።

«የማን ሱቅ?»

ምድጃው ላይ ድስት አለ ብዬ ተነሣሁ። ድስት አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19

ሙቀት፣ አቧራ ያዘለ ነፋስ። ኔታ፣ እኔ።

ለኔታ ልነግራት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቃሉን ስደረድር ነበር። ስልክ ይዛ ነበር፤ በእጇ ግቢ አለችኝ። ሲያበቃ፣ ታች ያለው ስንጥቅ ያሳስበኛል አልኋት። ፈገግ አለች። ቤቱን ከእኛ ሁሉ የምትወጂው አንቺ ነሽ፤ ከቤቱ ጋር ተጋብተሻል አለችኝ። ሃጋይ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ልጥፍ አስቀምጦበታል፣ ልጥፎቹ ሙሉ ናቸው አይደል አለች።

«ሙሉ ናቸው» አልሁ።

ታዲያ ምን ያስፈራሻል አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ቅርጫቷን ይዤ ወጣሁ።

ማን ነው ሙሉ ናቸው ያለው? እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። መጀመሪያዎቹን የፋቃቸው ማን ነው ብትለኝስ? ሁለተኛዎቹን ያቦካው ማን ነው ብትለኝስ? ለጥያቄው ከላይ ጀምሬም ከታች ጀምሬም ብመልስ የምደርሰው እኔ ጋ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 1

ደመና፣ ዝናብ የሌለው። እናና፣ እኔ።

እናና ሱቁን ልትለካ መጣች። መስፊያዎቹን የት እንደምታስቀምጥ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣለች፤ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ሙሽራዋ የምትዞርበት ክብ ቦታ። ያችን ክብ ቦታ ከቅስቱ በታች አደረገቻት። እዚህ ነው የሚያምረው፣ ጣሪያው ዘውድ ይመስላል አለች።

ቤቱ አርጅቷል፣ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ ይሻላል አልኋት። መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ደገምሁት።

«አክስቴ፣ ሠላሳ ዓመት በየቤቱ ወለል ስትወለውይ ኖረሽ ጣሪያ ያየሽው ዛሬ ነው?»

መሐንዲስ ባልሆንም የግንበኛ ልጅ ነኝ አልኋት።

«መሐንዲሱ ምን አለ?»

ደኅና ነው አለ አልሁ።

«እንግዲያስ? ጎንደር ሳለሁ እስራኤላዊት መሆንሽን አስረጂ አሉኝ፤ ወረቀት አመጣሁ። እዚህ ስገባ እንደገና አስረጂ አሉኝ፤ እንደገና አመጣሁ። የስፌት ችሎታሽን አስረጂ አሉኝ። አሁን ሁሉም ሰው እሺ ሲለኝ፣ እንቢ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ።» ጠመኔውን ኪሷ ከተተችው። «እናቴን ትታችኋት ስትወጡ እንዲህ ተጠንቅቃችሁላት ነበር?»

ስለ ልጥፎቹ አልነገርኋትም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ያኔ ሱቁን እንዴት እንዳገኘችው ጭምር ልነግራት ነው።

ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ተናድዳ እንኳ ትስማለች። ይቅር በይኝ አለች። ይቅር ያልኋት እኔ ነኝ። አያስቅም?

ሐሙስ፣ ግንቦት 3

ሙቀት። ጊላድ በስልክ፣ እኔ በደረጃው ሥር።

ጊላድ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ሲነጋገር ሰማሁ። የለም፣ ከእነሱ ወገን ናት፣ እነሱ አይናገሩም፣ ጥሩ ሕዝብ ናቸው አለ። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

ሠራተኞች መጡ። አቧራ። ጊላድ፣ ፈቃዱ ሳይደርስ፣ አንድ የሙከራ ቀዳዳ ብቻ ብሱ አላቸው። በማሽን ሲመቱት ላይኛው ፎቅ ኔታ ቢሮ ያሉት ሲኒዎች ተንቀጫቀጩ። በምሳ ሰዓት ገብቼ አየሁ። እኔ ከለጠፍኋቸው አንዱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሌላው ፀጉር ያህል።

እሑድ፣ ግንቦት 13

በጣም ሙቀት። ቤት ውስጥ፤ አባየና እኔ።

እናና ትናንት ማታ ደውላ አባየን ለምርቃት ጠራችው፤ ሱቁን እሱ እንዲመርቅላት ትፈልጋለች። አባባ፣ ወንበርዎን ከቅስቱ ሥር አደርግልዎታለሁ፣ ድንጋይ ያያሉ አለችው። አባየ እሺ ልጄ አላት። ስልኩን ሰጠኝ። ቆይቶ፣ እናና ሱቅ የምትከፍተው የት ነው አለኝ።

«ከተማ ውስጥ» አልሁት።

ሌላ አልጠየቀኝም። ሽማግሌ ሰው ያላወቀውን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ያወቀውን አንድ ጊዜ ብቻ።

ዛሬ ጧት ቁርሱን ሳቀርብለት እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ጸሎቱን አደረገ፤ ግን አልበላም። አልራበኝም አለ። በምሳም እንዲሁ። የጎረቤቷ ልጅ ሾርባ ስታመጣለት ጠጣ።

ይመታኝ ነበር ዱሮ ቢሆን። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ሙቀት በረድ ብሏል። ጊላድ፣ እኔ። ማታ እየጻፍሁ ነው፤ አባየ ተኝቷል።

ነገ የሻቩዖት ዋዜማ ነው፤ ሃጋይ ጧት ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ የመጨረሻው ነው። ካየ በኋላ ይፈርማል፤ ከበዓሉ ማግስት ግድግዳው ይነሣል።

ጊላድ ሊወጣ ሲል ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በር ላይ ቆመ። አዝመራ፣ አራተኛውን ክፍል አጽጂው አለኝ። አጽድቻለሁ አልሁት።

«ከፋሲካ በፊት እንዳጸዳሽው ነው የምልሽ» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም ክፋት የለም። የልጆቹን ፎቶ የሚያሳየኝ ጊዜ የሚይዘው ፊት ነው። «እናና ምልክቷን አሠርታለች፤ ዛሬ አየሁት፤ ቆንጆ ነው። ይኸ ሁሉ በአንድ ስንጥቅ ልጥፍ እንዲቀር አትፈልጊም፤ አይደል?»

እንግዲህ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ይህን እስካሁን አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ በዚህ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ላይ የጻፍሁትን አንብቤ አየሁት። ሰው ለራሱ በሚጽፈው ላይ ይዋሻል?

ግማሽ ከረጢት ጄሶ ከደረጃው ሥር አለ። ባልዲውን ባዶውን ትቼው ወጣሁ። አልነካሁትም። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ራሴን አመሰገንሁ፤ አልነካሁትም፣ ነገ ሃጋይ እንዳለ ያየዋል፣ እኔ አፌን መክፈት እንኳ አያስፈልገኝም አልሁ። ሦስት ፌርማታ ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ የሚሆነው ታየኝ። ሃጋይ ልጥፉን ያያል፤ ቀኑን ያያል፤ ይህ የእኔ ጽሕፈት አይደለም ይላል። ጊላድ ወደኔ ያያል። የጽዳቷ ሴት ለፋሲካ ፍቃ ደብቃ ኖሮ፣ አዲስ ለጥፋ ኖሮ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የሚያምኑት ማንን ነው? ክፍሉ ይታሸጋል። እናና ኔቬ ያዕቆብ ያለችውን ክፍል አስረክባለች፤ መኪኖቿ በጎረቤት ቤት ጨርቅ ተሸፍነው ቆመዋል። ለሰኔ የተቀበለችው ሰባት ሙሽራ አለ። እናቷን አንድ ጊዜ ትተናታል።

ደግሞ ልጥፉ ባይሰነጠቅ ኖሮስ? አባየ ዓመት ሊቆይ ይችላል ብሏል። ዓመት ሊቆይ የሚችል ነገር አሥር ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። እንዲህ እላለሁ፤ ከዚያ ያች በጠመኔ የተሣለች ክብ ቦታ ትታየኛለች፤ በውስጧ የማላውቃት የሰው ልጅ ነጭ ለብሳ ትዞራለች፤ እናና ተንበርክካ ጫፉን በመርፌ ትይዛለች።

የሃጋይ ስልክ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ። አሁን መደወል እችላለሁ። ሰዓቱ መሽቷል። ጧት ልደውል እችላለሁ። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ይሉኛል። ይበሉኝ። ግን ወጪቱ የእናና ነው።

አባየ ከክፍሉ ጠራኝ፤ ውሃ ፈልጎ ነው። ሰጠሁት። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ከእሑድ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። ሳይጠጣ ያዘው።

«አዝመራ» አለኝ፤ «እኔ በሠራሁት ግንብ ሥር ማንም አልሞተም። ሌላ የምመካበት ነገር የለኝም።»

እሺ አባየ አልሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 17

ጠራራ፣ ነፋስ የለም። በቤቱ የነበሩ፦ ሃጋይ፣ ጊላድ፣ ኔታ፣ እናና፣ እኔ።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የውጭውን በር ከፈትሁ። ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት ያለውን አልጽፍም።

ሃጋይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። መብራቱን ዛሬ እናና ያዘችለት፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንደኛውን አየ፤ ሁለተኛውን አየ፤ ደኅና ናቸው አለ። ኔታ በትንሽ ደብተሯ ጻፈች። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት፤ አነሣውና ጣቱን አየው።

«ይኸ ርጥብ ነው» አለ።

ጊላድ ስልኩን ያይ ነበር፤ ቀና አላለም። ኔታ ወደኔ ዞረች። እናና መብራቱን እንደያዘች ወደኔ ዞረች፤ ፈገግ ብላ ነበር፤ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባትም። ቅስቱ በመብራቱ ከሥር ሲታይ እውነትም ዘውድ ይመስላል።

«ግድግዳውን አጥቤው ነው» አልሁ። «ለበዓሉ።»

ሃጋይ ጥቂት አየኝ። ከዚያ በመሐረብ ጣቱን ጠረገና ወረቀቱን ኔታ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ለበዓሉ ሁላቸውም መልካም በዓል ተባባሉ። ጊላድ ለእናና ቁልፍ ሰጣት።

ሰዎቹ ሲወጡ እናና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አክስቴ፣ ያን ቀን የተናገርሁትን እርሺው አለችኝ። ረስቼዋለሁ አልኋት። ከዚያ ለመንኋት፤ ከበዓሉ በኋላ ሥራዬን ጧት ጧት ጨርሼ ቀኑን ከአንቺ ጋር እዚህ ልቀመጥ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጨርቅ እተኩሳለሁ፣ ምንም አልፈልግም አልኋት። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሙሽራዋ ከምትዞርበት አጠገብ ወንበር አደርግልሻለሁ አለች።

ከቅስቱ አታርቂው፣ እዚያው አድርጊው አልኋት።

ለአባየ ክፍሉ ገና ብዙ ሥራ ይፈልጋል፣ ለምርቃቱ ወንበር አይገባም፣ ደረጃውም ለእርስዎ አይመችም ብዬዋለሁ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። የበዓሉን መብራት አብርቼ ራቱን አቀረብሁ፤ ሁለት ሳህን።